ሰኞ አረንጓዴ፣ ሀ ቀይ፦ ሲነስቴዥያ ምንድን ነው? ስለ አእምሯችንስ ምን ይነግረናል?

ደሴ ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እማዬ፣ ሰኞ እኮ አረንጓዴ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ቡናማ ነው» ቢል ምን ይባላል? ብዙዎቹ እናቶች «አብሽር ልጄ፣ በል ምሳህን ብላ» ብለው ያልፉታል። አንዳንዱ ወላጅ ቀልድ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። ልጁን አንዳች ነገር ለክፎት እንዳይሆን የሚሰጋ፣ ጠበል ወይም ዱዓ የሚያስብለትም አይጠፋም። ልጁ ግን ያየውን በትክክል ተናግሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሁኔታው ሲነስቴዥያ ይባላል።

ስለ ሲነስቴዥያ የሚያወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው ይዘዋወራሉ። ከፊሎቹ ተአምር ያደርጉታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ያስመስሉታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ በተለይ ሁለተኛው ልጆችን ይጎዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል።

ሲነስቴዥያ ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድ የስሜት ሕዋስ ሲነካ፣ ወይም አንድ ፊደል፣ ቁጥር ወይም ቀን ሲታሰብ፣ ሌላ ስሜት ሳይጠራ አብሮ ይነሣል። ሲነስቴዥያ ይህ ነው። ነገሩን የሚያስነሣው «ቀስቃሽ»፣ አብሮ የሚነሣው «ተከታይ» ይባላል። ሀ የሚለው ፊደል ቀይ ቀለምን ይዞ የሚመጣባት ሴት ብትኖር፣ ፊደሉ ቀስቃሽ፣ ቀይነቱ ተከታይ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በስፋት ከተጠኑት አንዱ ፊደላትና ቁጥሮች ቀለም ይዘው የሚመጡበት ነው። ሙዚቃ ሲሰሙ ቀለምና ቅርፅ የሚታያቸው አሉ። የሳምንቱ ቀናትና የዓመቱ ወራት በዙሪያቸው በተወሰነ ቦታ ተደርድረው የሚታዩዋቸውም አሉ፤ አንዱ ወር በቀኝ ትከሻ በኩል፣ ሌላው ፊት ለፊት ይሆናል። እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዱ ቃላት ጣዕም የሚሰጡበት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የአንድን ሰው ስም በሰማ ቁጥር አንድ የተለየ ምግብ አፉ ውስጥ ይመጣበታል። ሌላ ሰው ሲነካ አይተው በራሳቸው ገላ ላይ ንክኪው የሚሰማቸው ሰዎችም አሉ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ልምድ የላቸውም። ጥቂቶቹ ቀለሙ ከውጭ፣ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ፊደል ላይ የተቀባ ሆኖ ይታያቸዋል። ብዙዎቹ ግን በዓይነ ሕሊናቸው ያዩታል፤ ፊደሉ በጥቁር ቀለም እንደታተመ ያውቃሉ፣ ቀይነቱም የዚያኑ ያህል እርግጠኛ ሆኖ ይመጣባቸዋል። ስለዚህ ሲነስቴዥያ ያለው ሰው ጋዜጣ ሲያነብ ገጹ እንደ ቀስተ ደመና ይሆንበታል ብሎ ማሰብ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው።

ምን ያህል ሰው አለው? በብሪታንያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 500 ሰዎችን መርምሮ 4.4 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ሲነስቴዥያ እንዳላቸው አግኝቷል። ይህ መጠን ለእኛም አገር የሚሠራ ከሆነ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁለት ያህል ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። አብዛኞቹ ለማንም አይናገሩም፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ እንደ እነሱ የሚያይ ይመስላቸዋል። ብዙዎች «ለካ ሌላው እንዲህ አያይም!» የሚሉት ካደጉ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህ ቅኔ አይደለም ወይ?

ጥያቄው ከወሎ ሰው ቢመጣ አይገርምም። የዋድላ የቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት አገር ነው። ከአራቱ የአገራችን የሙዚቃ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምድር ነው። ድምፅን ማር ነው ማለት፣ ትዝታን በጨለማ መመሰል፣ ሳቅን ብርሃን ብሎ መጥራት ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ ምርጫ ላይ ነው። ባለቅኔ ምሳሌውን ይመርጠዋል፤ ዛሬ ድምፅዋን ማር ያለ ነገ ሐር ሊለው ይችላል፣ ሁለቱም ያምራሉ። ሲነስቴዥያ ያለው ሰው አይመርጥም። ሰኞ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙን ባይወደውም፣ ለቀኑ የማይስማማ ቢመስለውም መለወጥ አይችልም። «ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅም ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም።

ሙዚቃ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ትዝታ ሲሰማ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ፈጣን የጭፈራ ዘፈን ሲሰማ ደማቅ ቢጫ ቢታሰበው ብቻውን ሲነስቴዥያ አለው አያሰኝም። በ2013 የታተመ ጥናት በአሜሪካና በሜክሲኮ ለሚኖሩ ተራ አድማጮች የተለያዩ ሙዚቃዎችን አሰምቶ ቀለም እንዲመርጡ ጠይቋቸው ነበር። የሁለቱ አገር ሰዎች ምርጫ በጣም ተቀራርቧል፤ ሙዚቃውንና ቀለሙን የሚያገናኘው ስሜት መሆኑም ታይቷል። ያዘነ ሙዚቃ ያዘነ ቀለም ይጠራል። ይህ ሁላችንም ውስጥ ያለ ነው። ሲነስቴዥያ ያለው አድማጭ ግን ከስሜት ጋር ላይያያዝ የሚችል፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተወሰነ ቀለም ይታየዋል። ኦሊቪየ መሲያን (1908–1992) የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ የድምፅ ጥምረቶችን ሲሰማ በዓይነ ሕሊናው የሚያያቸውን ቀለሞች በዝርዝር ይገልጽ ነበር፤ ሙዚቃውንም በእነዚያ ቀለሞች እየተመራ ይደርስ ነበር።

እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?

የሰው ውስጥ አይታይም። ታዲያ አንድ ሰው «ሀ ቀይ ናት» ሲል እያስመሰለ እንዳልሆነ በምን ይረጋገጣል? ሳይንስ በዚህ ጥያቄ ረጅም ጊዜ ተቸግሯል። ጌኦርግ ዛክስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1812 ስለ ራሱ በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደላት፣ ቁጥሮችና የሙዚቃ ድምፆች ቀለም እንዳላቸው ገልጿል። በ1880 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ቁጥሮችን በተወሰነ ቦታ ተደርድረው የሚያዩ ሰዎችን መልስ ሰብስቦ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙ አሥርት ዓመታት፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከውጭ የሚታየውን ባሕርይ ብቻ እናጥና ብለው ስለነበር፣ ጉዳዩ ሊረሳ ምንም አልቀረውም። ሰዎቹ አልጠፉም፤ የጠየቃቸው እንጂ የጠፋው።

ወደ ሳይንስ የመለሰው ቀላል ፈተና ነው። ቃላትና ፊደላት ተዘርዝረው ለሰውየው ይሰጡታል፣ የእያንዳንዱን ቀለም ይናገራል፣ መልሱ ይመዘገባል። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ፣ ሳይነገረው፣ ያንኑ ዝርዝር በሌላ ቅደም ተከተል እንደገና ይጠየቃል። በ1993 በእንግሊዝ ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሲነስቴዥያ ያላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ከመልሶቻቸው 92.3 በመቶውን ሳያዛንፉ ደግመውታል። ለንጽጽር የቀረቡት ሌሎች ሰዎች የተጠየቁት ከአንድ ሳምንት በኋላ ብቻ ነበር፤ ያውም የደገሙት 37.6 በመቶውን ነው። አንድ አስመሳይ ከመቶ በላይ ቃላትን ቀለም ለዓመት በቃሉ ሊይዝ ይችል ይሆናል፤ ግን ይህን ሁሉ ድካም ያለ አንዳች ጥቅም የሚሸከም ብዙ ሰው አይገኝም።

ሌላው ፈተና ፍጥነትን ይለካል። ለ የሚለው ፊደል ለአንዲት ሴት አረንጓዴ ነው እንበል። ፊደሉን በቀይ ቀለም አትመን «የታተመበት ቀለም ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃት፣ መልሷ በጥቂቱ ይዘገያል። በአረንጓዴ ከታተመ ግን ቶሎ ትመልሳለች። የመዘግየቷ ምክንያት ያልጠራችው አረንጓዴ ከፊቷ መደቀኑ ነው። በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚለካን መዘግየት ደግሞ ማስመሰል ከባድ ነው።

ራማቻንድራንና ሀባርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ያቀረቡት ሙከራም ዝነኛ ነው። በብዙ የ5 ቁጥሮች መካከል ጥቂት የ2 ቁጥሮች በሦስት ማዕዘን ቅርፅ ተደብቀው ተበተኑ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ቀለም ያላቸው ሰዎች ቅርፁን ከሌላው ሰው በተሻለ አገኙት። በኋላ ብዙ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ሲደረግ ብልጫው መኖሩ ተረጋግጧል፤ መጀመሪያ እንደተወራው ግን ቅርፁ በአንድ ጊዜ ዓይን ውስጥ ዘሎ የሚገባ አይደለም፣ ትኩረት ይፈልጋል።

አንጎል ውስጥ ምን ይከናወናል?

አንጎላችን ሥራውን በክፍል በክፍል ይሠራል። ከጆሯችን ጀርባ በታችኛው የአንጎል ገጽ ላይ ፊደላትን የሚለይ ክፍል አለ፤ በአጠገቡም ቀለምን የሚያስተናግድ ክፍል አለ። ፊደልና ቀለም አብረው የሚነሡበት ዓይነት በብዛት የሚገኘው ከዚህ ጉርብትና የተነሣ ሊሆን እንደሚችል የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ።

ሁለት ዋና ዋና ማብራሪያዎች አሉ። በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት ቤቶችን እናስብ። በአንደኛው ቡና ሲቆላ ሽታው ወደ ሌላኛው የሚያልፍበት መንገድ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ግድግዳው ሲሠራ ሌሎች ቤቶች የሌላቸው ቀዳዳ ቀርቶበታል፤ ወይም ሁሉም ቤቶች መካከል በር አለ፣ ሌሎቹ ዘግተውታል፣ በዚህኛው ቤት ግን ገርበብ ብሏል። የመጀመሪያው ማብራሪያ ሲነስቴዥያ ያላቸው ሰዎች በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ተጨማሪ የነርቭ መስመሮች አሏቸው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ መስመሮቹ በሁላችንም ውስጥ አሉ፣ በአብዛኞቻችን ግን ታግደዋል፣ በእነሱ እገዳው ላላ ብሏል ይላል። ሰዎች ዓይናቸው በጉዳት ሲታወር፣ ወይም አንዳንድ አደንዛዥ ዕፆችን ሲወስዱ ድምፅ ሲሰሙ ቀለም የሚታያቸው ጊዜ መኖሩ ሁለተኛውን ይደግፋል፤ አዲስ መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ አይበቅልምና። ሁለቱም በከፊል ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

በ2002 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት አስደናቂ ነገር አሳይቷል። ቃል ሲሰሙ ቀለም የሚያዩ ሰዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ቃላት ሲነገራቸው፣ ቀለምን የሚያስተናግደው የአንጎላቸው ክፍል ሥራ ጀምሯል። ምንም ባለቀለም ነገር አላዩም። ሌሎች ሰዎች ቃላትንና ቀለሞችን እንዲያዛምዱ በደንብ ከሠለጠኑ በኋላ ያንኑ ሲሰሙ ግን ያ ክፍል ጸጥ ብሏል። ማስታወስና ማየት ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የምስል ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም።

በዘር የሚወረስ ነው ወይስ ልጆች የሚማሩት?

ሁለቱም አለበት፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከልብ የሚያስደስተው።

በቤተሰብ ውስጥ እንደሚተላለፍ ከተስተዋለ ቆይቷል። በሩሲያ የተወለደው ደራሲ ቭላዲሚር ናቦኮቭ በልጅነቱ ባለፊደል መጫወቻ ኩቦች ሲደረድር «ቀለማቸው ሁሉ ስሕተት ነው» ብሎ ለእናቱ ተናገረ። እናቱ አልተቆጣችውም። እሷም ፊደላትን በቀለም ታይ ነበር፤ የእሷ ቀለሞች ግን ከልጅዋ ብዙዎቹ ይለያሉ። ይህ ልዩነት ቁልፍ ነው። የሚወረሰው ዝንባሌው ነው፤ የትኛው ፊደል ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ አይወረስም። በ2018 ሲነስቴዥያ በተደጋጋሚ የታየባቸውን ሦስት ቤተሰቦች የመረመረ የዘረመል ጥናት፣ የነርቭ መስመሮች ሲበቅሉና ሲገናኙ በሚሳተፉ ዘረመሎች ላይ ብርቅ ለውጦችን አግኝቷል። አንድ ብቸኛ «የሲነስቴዥያ ዘረመል» ግን አልተገኘም።

ቀለሞቹስ ከየት ይመጣሉ? ከፊሉ ከልጅነት አካባቢ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ፊደላትን በቀለም የሚያዩ 6,588 አሜሪካውያንን መረመረ። ከእነዚህ 6 በመቶ ያህሉ፣ በማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፉ፣ አንድ ኩባንያ የሚሠራቸው የማግኔት ፊደላት የነበራቸውን ቀለም በሚያስገርም መጠን ይዘው ተገኙ። መጫወቻው ገበያ ላይ መዋል በጀመረባቸው አሥር ዓመታት ውስጥ ከተወለዱት መካከል ድርሻው ከ15 በመቶ በላይ ነበር። ሕፃናቱ ፊደል ሲቆጥሩ ከፊታቸው የነበረው ቀለም ዕድሜ ልክ አብሯቸው ቀርቷል። የአብዛኞቹ ቀለም ግን ከመጫወቻው ጋር አለመገጣጠሙም መዘንጋት የለበትም። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለብዙ ቀለም የፊደል ገበታ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወሎ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ቦታ የበለጠ የታደለ ነው። እዚህ አንድ ልጅ ጠዋት በትምህርት ቤት ሀ ሁ ይቆጥራል፤ ከሰዓት በኋላ ቁርአን ቤት ገብቶ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ይቀራል፤ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ሲገልጥ የላቲን ፊደል ይጠብቀዋል። ጎረቤቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ይደግማል። ከሚሴ በኩል ያለው ልጅ ደግሞ አፋን ኦሮሞን በቁቤ ይማራል። አንዱ ልጅ ሁለት ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት ይዞ ያድጋል።

ሲነስቴዥያ ያለው ልጅ ሁለተኛ ፊደል ሲማር ቀለሙ ምን ይሆናል? በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ፊደላት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ቀለሞቹ ከመጀመሪያው ፊደል ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ታይቷል፤ አንዳንዴ ቅርፁ የሚመስለውን፣ አንዳንዴ ድምፁ የሚመስለውን ተከትለው። በ2009 የታተመ የጀርመን ጥናት ደግሞ ፍጥነቱን አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይተውት የማያውቁትን ግላጎሊቲክ የተባለውን የጥንት ስላቮች ፊደል በእጃቸው መጻፍ ተለማመዱ። አሥር ደቂቃ ያህል ከጻፉ በኋላ አዲሶቹ ፊደላት ቀለም ያዙ። አንድ ጭረት ወረቀት ላይ ትርጉም እንዳገኘ፣ ቀለሙ ተከተለው ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፦ ተከታዩን የሚያስነሣው ዓይን ላይ ያረፈው ቅርፅ ብቻ አይደለም። ሰውየው «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው የሚሰጠው መልስም ያስነሣዋል።

ሲነስቴዥያ ለሌለን ለአብዛኞቻችን ምን ይነግረናል?

አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ስንማር፣ ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል፣ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል ተብለናል። እውነቱ ግን አንጎል ሁሉንም አብሮ ያስተናግዳል፤ የምናየውና የምንቀምሰው የዚያ ድምር ውጤት ነው።

በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ ያሳዩት ነገር ለዚህ ምስክር ነው። አንድ ሰው «ጋ» ሲል ከንፈሩ የተቀረፀበትን ምስል ወስደው «ባ» የሚል ድምፅ አስገቡበት። ተመልካቾቹ የሰሙት «ዳ» ነበር። ድምፁ «ባ» መሆኑን ዓይንን ጨፍኖ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ዓይን ሲገለጥ ግን እንደገና «ዳ» ይሆናል። ማወቅ አያድንም። ዓይን ጆሮን ያዝዘዋል፣ እኛም ሳናውቀው።

ምግብም እንዲሁ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ዶሮ ወጥ ቀርቦለት «ምንም አይጣፍጠኝም» የሚለው ምላሱ ታሞ አይደለም፤ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚያልፈው ሽታ ስለተዘጋበት ነው። ጣዕም ብለን ከምንጠራው አብዛኛው ሽታ ነው። በ2004 የታተመ ሙከራ ደግሞ የድንች ጥብስ የሚበሉ ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ የራሳቸውን የማኘክ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሲሰሙ፣ ጥብሱ ይበልጥ ትኩስና የሚንኮሻኮሽ እንደመሰላቸው አሳይቷል። ጥብሱ አንድ ነው። ቆሎ ስንቆረጥም ከደስታው ምን ያህሉ ከጆሯችን እንደሚመጣ ማሰብ ነው።

አንድ ተጨማሪ ልጨምር፤ ምክንያቱም ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ወረቀት ላይ ሁለት ቅርፆች ይሳሉ፤ አንዱ እንደ ደመና ክብ ክብ ያለ፣ ሌላው እንደ ኮከብ ሹል ሹል ያለ። አንደኛው «ቡባ»፣ ሌላኛው «ኪኪ» ይባላል፣ የትኛው የትኛው ነው? ተብሎ ይጠየቃል። የዚህ ሙከራ አባት በ1929 ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረበው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኮለር ነው። በ2022 የታተመ ጥናት 25 ቋንቋዎችን የሚናገሩ 917 ሰዎችን ጠይቆ፣ 72 በመቶው መልስ ክቡን ቡባ፣ ሹሉን ኪኪ የሚል መሆኑን አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሲነስቴዥያ የላቸውም። ሆኖም ድምፅ ቅርፅ አለው። በሲነስቴዥያና በሌላው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች ከሚያስቡት ጠባብ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የሕዋሳት መገናኘት የሁላችንም ነው፣ በእነርሱ ግን ወደ ንቃት ወጥቶ ይታያል።

በሽታ ነው? ሐኪም ያስፈልገዋል?

አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ሲነስቴዥያ በአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ውስጥ የለም፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ቅዠትም አይደለም። ቅዠት ያለበት ሰው የሌለውን ነገር አለ ብሎ ያምናል፤ ሲነስቴዥያ ያለው ሰው ግን ቀለሙ የራሱ መሆኑን ያውቃል። ብዙዎቹ ይወዱታል፤ ስም፣ ቀጠሮና ቁጥር ለማስታወስ ይረዳቸዋል። ዳንኤል ታመት የተባለው እንግሊዛዊ በ2004 ፓይ የተባለውን፣ የክብ ዙሪያ ለወርዱ ሲካፈል የሚገኘውን ማለቂያ የሌለው ቁጥር እስከ 22,514 አኃዝ ድረስ በቃሉ የወጣው ቁጥሮች በቀለምና በቅርፅ ስለሚታዩት እንደሆነ ተናግሯል። ይህ ግን እጅግ ብርቅ ነው። በአማካይ የማስታወስ ብልጫው መጠነኛ ነው፤ ልጁ ሲነስቴዥያ ስላለው ሊቅ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ልጁን ማስጨነቅ ነው።

የሚያስቸግርበት ጊዜም አለ። አንድ ልጅ 3 ቢጫ፣ 4 ሰማያዊ፣ 7 ቀይ ሆነው ቢታዩት፣ ሦስትና አራት ሲደመሩ ቀይ መሆኑ ሊያደናግረው ይችላል። መምህሩ ምክንያቱን ካላወቀ ሰነፍ ይለዋል። ሌላው ሲነካ የሚሰማቸው ሰዎች ደግሞ የሕመም ትዕይንት ማየት ይከብዳቸዋል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው ነገሩ በአዋቂነት ዕድሜ በድንገት ሲጀምር ነው፤ በተለይ ከራስ ምታት፣ ከሚጥል ሕመም፣ ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከዓይን መድከም ጋር ከመጣ። ያኔ መንሥኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

በፊደላችን ላይ እንዴት መሞከር ይቻላል?

መምህርም ሆነ ወላጅ ሊያደርገው ይችላል። ፊደላቱ በተቆራረጡ ወረቀቶች ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ብቻ ይጻፉ፣ ተራቸውም ይደባለቅ። ልጁ ከብዙ ባለቀለም እርሳሶች መካከል ይምረጥ፤ «ቀለም የለውም» የሚል መልስም ይፈቀድለት። ምንም ፍንጭ አይሰጠው፣ አይሞገስ፣ አይታረም። መልሱ ከነቀኑ ተመዝግቦ ልጁ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሳይነገረው በሌላ ተራ ይደገም። መልሶቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከተገጣጠሙ ነገሩ ሲነስቴዥያ ሊሆን ይችላል። በቤት ወይም በክፍል የተሰቀለው የፊደል ገበታ ቀለሞችም አብረው ይታዩ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ፊደል ብቻ ሊመልሳቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ጃፓኖች አንዱን ድምፅ በሁለት ዓይነት ምልክት ይጽፉታል፤ በ2011 በታተመ ጥናት ሲነስቴዥያ ያላቸው ጃፓናውያን ለሁለቱ ምልክቶች የሰጡት ቀለም በጣም ተመሳሳይ ነበር። እዚያ የሚመራው ድምፁ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ፣ ቅርፃቸው ሦስት ነው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ልጁ ለሦስቱ አንድ ቀለም ከሰጠ ድምፁን እየተከተለ ነው፤ ሦስት ቀለም ከሰጠ ቅርፁን። ከሀ እስከ ሆ ያሉት ሰባቱ ደግሞ አንድ ቀለም እየደመቀና እየደበዘዘ ይሄዳል ወይስ ሰባት የተለያየ ቀለም ይሆናል?

በ2018 አምስት ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ሌላ ጥናት፣ በፊደል ተራ የመጀመሪያው የሆነው ፊደል ወደ ቀይ የማዘንበል ጠባይ እንዳለው አግኝቷል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ተራውና ድምፁ አይለዩም። በእኛ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ሀ ነው፣ አ ደግሞ ከመሐል ነው። ብዙ ልጆች ሀን ቀይ ካሉ የሚመራቸው ተራው ነው፤ አን ቀይ ካሉ ድምፁ ነው። በአንድ ልጅ መልስ ግን ይህን መወሰን አይቻልም፤ ከብዙ ክፍሎች፣ በተመሳሳይ መንገድ የተሰበሰበ መልስ ያስፈልጋል።